ሞት የሌለበት ድንኳን

ውድ ትህትና፣

ስልክሽን ዘግተሽዋል፤ ስለዚህ በወረቀት መጣሁብሽ። ይህን ደብዳቤ የግቢያችን የሺዓለም የእህቷ ልጅ፣ ያ ሻሸመኔ የሚሠራው የሚኒባስ ሹፌር፣ ኩየራ ድረስ ወስዶ እጅሽ ላይ እንዲያደርስልኝ አስምዬዋለሁ። ለአባትሽና ለእናትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ልጃቸውን ይህን ያህል ጊዜ ስላዋሱኝ አመሰግናለሁ፤ አሁን ደግሞ እንደገና ልዋሳት ነው የምጽፈው በያቸው።

አባትሽ እዚያ ኮሌጅ ውስጥ የቢሮ ሥራ እንዳገኙልሽ ጋሮምሳ ነገረኝ። "የፊታችን ሰኞ ትጀምራለች መሰለኝ፣ እማማ" አለኝ። ከመስታወቱ ወዲያ ተቀምጦ ድምፅሽን ሲቀዳ የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ይህን ሲናገር የራሱ ድምፅ እንዴት እንደሆነ ልነግርሽ አልችልም። እኔ ሰኞ ሳይደርስ ወደ ማይክሮፎንሽ እንድትመለሺ ልለምንሽ ነው። ግን በባዶ እጄ አልለምንሽም። ከሄድሽ ወዲህ የሆነውን ስታነቢ ቢያንስ ትስቂያለሽ፤ የሳቀ ሰው ደግሞ እምቢ ለማለት ይቸገራል።

ከድንኳኑ ልጀምር። አንቺ የምታውቂው ፎቶውን ነው። ፎቶው እንዴት ተወለደ የሚለውን አታውቂም።

የኩፍኝና ሌሎች ያመለጡ ክትባቶች የሚሰጡበት ዘመቻ የተጀመረ ቀን የአዳማ ፀሐይ እንዴት እንደነበረ ታስታውሻለሽ። ነርሶቹ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ባለው ባዶ ቦታ ጠረጴዛ ዘርግተው፣ የክትባቱን የበረዶ ሳጥን በካርቶን ከልለው፣ ራሳቸው ግን ሐሩር ላይ ተቀምጠዋል። የእድራችን ሰብሳቢ ኦቦ ዲዳ በዚያ ሲያልፉ አዩና ሆዳቸው አልችል አለ። ደግ ሰው አይደሉ? "የእድሩ ድንኳን እያለ እናንተ ምን በወጣችሁ!" ብለው ልጆች ጠርተው አስተከሉላቸው። ነርሶቹ መርቀዋቸው ጥላ ውስጥ ገቡ።

ያ ድንኳን ደግሞ በሰፈሩ ሁሉ የታወቀ ነው። መንገድ ዳር ከተተከለ ሰው ሞቷል ማለት ነው። እኔና የሺዓለም ከገበያ ስንመለስ አየነው። ዘንቢላችንን ወፍጮ ቤቱ በር ላይ አስቀመጥን፤ ነጠላችንን አዘቀዘቅን። ማን ሞተ ብሎ ከውጭ መጠየቅ ነውር ነው። መጀመሪያ ይለቀሳል፤ የሟቹ ስም ከልቅሶው መካከል ይሰማል። እኔ እንደምታውቂው ድምፅ የለኝም፤ የማዋጣው እንባ ነው። የሺዓለም ግን ለሁለታችንም ትበቃለች። ገና ከደጃፉ "ወየው! ወየው አንተ ደግ!" እያለች ደረቷን እየደቃች ገባች። ውስጥ የነበሩት ሕፃናት ይህን ሲሰሙ ሁሉም በአንድ ላይ ለቀቁት። እኔ ደግሞ የሕፃናቱን ልቅሶ ስሰማ፣ "አይ፣ ይኼስ የልጆች አባት ነው" ብዬ የባሰ አነባሁ።

ሲስተር ማርያም መርፌዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

"እናቴ፣ ምነው? ማን ሞተብዎት?"

"እኔ ምን አውቄ!" አለች የሺዓለም። "የሐዘኑ ባለቤት አንቺ አይደለሽም? ንገሪኝ እንጂ!"

"እኛ እኮ ክትባት እየሰጠን ነው።"

የሺዓለም እጇን ከደረቷ ሳታወርድ ዙሪያውን ቃኘች። ሕፃናት፣ እናቶች፣ ጥጥ፣ ሳጥን። "ታዲያ ይህን ሁሉ ያለቀስኩት ለማን ነው?"

"ለሌላ ጊዜ ይያዝልዎት" አለች አንዲት ልጇን ያቀፈች እናት።

ያን ጊዜ የሣቅነው ሣቅ፣ ትህትና! ሲስተር ማርያም መርፌውን አስቀምጣ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። ሣቃችንን ግን ማንም ፎቶ አላነሳውም። ፎቶ የተነሳው ልቅሶው ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ታውቂዋለሽ፤ ማታውኑ ቴሌግራም ላይ ወጣ። ሲላክ ሲላክ ደብዝዞ ፊታቸው በቅጡ የማይለይ ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲያለቅሱ፣ ከኋላቸው ነጭ ጋውን የለበሰች ነርስ፣ ከላይ የሐዘን ድንኳን። ጽሑፉ "አዳማ ውስጥ ክትባት ሁለት ሕፃናትን ገደለ" ይላል። ሥዕሉ እውነት፣ ቃሉ ውሸት። እንዲህ ሲጋቡ ደግሞ ልጃቸው ሩቅ ይሄዳል፤ መቂ፣ ባቱ፣ አርሲ ነገሌ ደረሰ።

አንቺ "ፎቶው የት እንደተነሳ፣ ሴቶቹ እነማን እንደሆኑ ላጣራ" ብለሽ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ከጋሮምሳ ነው። አለቃሽ "ማጣራቱ ይደርሳል፤ አሁን አስተባብዪ" አሉሽ። አስተባበልሽ። ወፍጮ ቤት ተራ እየጠበቅሁ ሰማሁሽ። የዜናው ራስ ላይ፣ በዚያ በጠራ ድምፅሽ፣ በክትባት ምክንያት ሁለት ሕፃናት ሞቱ ተብሎ የሚናፈሰው ወሬ ፍጹም ሐሰት ነው አልሽ። አጠገቤ ከነበሩት ሴቶች ሦስቱ ወሬውን ከነጭራሹ አልሰሙትም ነበር። ከአንቺ ሰሙት። አንዷ እህሏን አስቀምጣ፣ "ሬዲዮ ካስተባበለማ አንድ ነገር አለ!" አለች። ሌላዋ "እንጂ! የሌለ ነገር ማን ያስተባብላል?" አለቻት። እኔ ወንፊት ጨብጬ ቆሜ ነበር፤ ምንም አላልኩም።

በማግሥቱ ድንኳኑ ባዶ ሆነ። ግቢያችን ውስጥ ደግሞ ቦንቱ በሯን ዘጋች። ፋብሪካ የምትውለው፣ በፈረቃ ምክንያት የልጇን የኢፍቱን የሳንባ ምች ክትባት እያሳለፈች ስትጨነቅ የኖረችው ቦንቱ፣ ለዚህ ዘመቻ ብላ ፈቃድ የጠየቀችው ቦንቱ! "ነይ እንጂ፣ አብሬሽ ልሂድ" ብላት፣ ከበሩ ወዲያ ሆና፣ "እማማ ዲንቄ፣ ሬዲዮው ራሱ ተናገረ እኮ። የተናገረችው ደግሞ ትህትናችን ናት" አለችኝ። አንቺም ከክፍልሽ ሆነሽ ሰማሽ። ግድግዳችን ምን ግድግዳ ነው! ያን ቀን ሻንጣሽን አስረሽ ወደ አባትሽ ቤት ሄድሽ። ስትወጪ አቀፍሽኝ፤ "ዝም ብል ይሻል ነበር" አልሽኝ።

ትህትና፣ ዝም ማለትን ለእኔ ተዪልኝ። እኔ ሙያዬ ነበር።

የባለቤቴን የፈይሳን ነገር ታውቂዋለሽ። ያን ዝናባማ ክረምት ልብስ እያጠፍን አንዴ ነግሬሽ፣ ሁለተኛ አንስተሽብኝ አታውቂም፤ ለዚያም አመሰግንሻለሁ። ወንጂ ሸንኮራ ሲያስፈጭ የኖረ ጎበዝ ሰው ነበር፤ ፊደል ግን አልቆጠረም። የእኔን ማንበብ እንደ ተአምር ነበር የሚያየው። ጨው ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ፊደል ለቃቅሜ የተማርኩ ሴት፣ የተጻፈ ነገር ይዋሻል ብዬ የት አባቴ አውቄ? በኮሮናው ጊዜ ከስልክ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩለት። ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ሳንባን ያጥባል የሚለውን አነበብኩለት። መርፌው አይበጅም የሚለውንም አነበብኩለት። "ዲንቄ ካነበበችው አለቀ" ይል ነበር፤ ሐኪም ቤት ስወስደው ዘግይቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለሰው ድምፄን ከፍ አድርጌ አንብቤ አላውቅም። ዝምታዬን ንስሐ አድርጌው ኖርኩ። ፎቶውን ሳይ፣ ያ ባለ አረንጓዴ ጥለት ነጠላ የራሴ መሆኑን ሳውቅ እንኳ፣ የመጀመሪያው ሐሳቤ "ዝም በዪ፤ አንቺ አፍሽን ስትከፍቺ ሰው ይሞታል" የሚል ነበር። ቦንቱ በሯን ስትዘጋ ግን አየሁት። ዝምታም ለካ ይናገራል።

አሁን ወደ ሣቁ ልመለስ።

ጋሮምሳ አንቺ ክፍል የቀረውን መቅጃ ሊወስድ መጣ። የሺዓለም ደጅ ተቀምጣ የሽሮ አተር ትለቅማለች።

"አንተ፣ የሬዲዮ ሰው አይደለህ?" አለችው። "ይህን ፎቶ ያነሳኝን ልጅ ካገኘኸው፣ አፌን ከፍቼ ሳለሁ ምን ቆርጦት እንዳነሳኝ ጠይቅልኝ።"

"የትኛውን ፎቶ?"

"አገር ያየውን ነዋ! እኔና ዲንቄ እኮ ነን። አታይም? አፍንጫዬን ማን ያጣዋል?"

ጋሮምሳ ስልኩን አወጣ፤ ፎቶውን አየ፤ የሺዓለምን አየ፤ እኔን አየ። "አምላኬ! ትህትና ስትፈልጋቸው የነበሩት ሴቶች ከእሷ ጋር አንድ ግቢ ነው የሚኖሩት?" ብሎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። አተሩ ላይ ከመቀመጥ ለጥቂት ተረፈ።

አለቃሽ ነገሩን ሲሰሙ ደስ አላቸው፤ ኑ አሉን። ስንደርስ ግን የሚነበብ ወረቀት አዘጋጅተው ጠበቁን። "ኅብረተሰቡ መሠረተ ቢስ ከሆኑ አሉባልታዎች ራሱን እንዲጠብቅ" የሚል ነው።

"አሉባልተኛዋ እኔ ነኝ እንዴ ታዲያ?" አለች የሺዓለም።

"አይደለም እናቴ፣ በአጠቃላይ ነው።"

"በአጠቃላይ ሲሆን እኔም አለሁበት።"

እኔ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቃሉ ሁሉ ገባኝ፤ አንድም ነገር ግን አልነገረኝም። ያን ጊዜ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ልብስ ማስጫው ሥር ቆመሽ ጽሑፍሽን ታነቢልኛለሽ፤ "ገባዎት?" ትያለሽ። "አዎ" ስልሽ አትለቂኝም፤ "በሉ እርስዎ ደግሞ ለእኔ ይንገሩኝ" ትያለሽ። መልሼ መናገር ያቃተኝን ቦታ ቁጭ ብለሽ ትሰርዢዋለሽ። ስንት ቆንጆ ቃል ነው በእኔ ድንቁርና የተሰረዘው! ስለዚህ አለቃሽን፣ "ጌታዬ፣ ይህን መልሼ ለሰው መናገር አልችልም" አልኳቸው። ጋሮምሳ ነው ያገዘኝ። "ትህትና ብትኖር መጀመሪያ የሆነውን ነበር የምታስነግራቸው፤ የተባለውን ከዚያ በኋላ" አላቸው። አለቃሽ ሰዓታቸውን አዩና ትከሻቸውን ነቅነቅ አደረጉ። ሰውዬው ክፉ አይደሉም፤ የሚቸኩሉ ናቸው።

ያንቺ የሐሙስ ከሰዓት ሰዓት ነበር። ማይክሮፎኑ ፊቴ ላይ መጣ። ጋሮምሳ ከመስታወቱ ወዲያ ጣቱን አነሣ። እንዲህ አልኩ፤ "ዲንቄ እባላለሁ። አዳማ ወፍጮ ቤቱ ሰፈር ነው ቤቴ። ድንኳኑ የእድራችን ነው። የተተከለው ነርሶቹን ፀሐይ እንዳይመታቸው ነው። እኛ ሰው የሞተ መስሎን ገብተን አለቀስን። ፎቶው ላይ በግራ ያለችው እኔ ነኝ። የሞተ ሰው አልነበረም።" ከዚያ ጠፋኝ። ጋሮምሳ ይቀጥሉ እያለ እጁን ያወናጭፋል።

የሺዓለም ማይክሮፎኑን ወደ ራሷ ሳበችው። "ልቅሶዬ ግን የምር ነበር!" አለች። "ማንም የውሸት አለቀሰች እንዳይለኝ! የት ጠፋህ አንተ ያነሳኸኝ ልጅ፣ ሌላ ጊዜ አስፈቅደኝ፣ ነጠላዬን ላስተካክል!"

ስልኩ ይጮህ ጀመር፤ ሰው እየሣቀ ነበር የሚደውለው። አንዲት ሴት ከመተሐራ፣ ከስኳር ፋብሪካው ካምፕ፣ "እኛም እንዲሁ ገብተን አልቅሰን ሰርግ ሆኖ ተገኘ፤ ከሙሽሪት ጋር ነው የታረቅነው" አለች። ሌላዋ ከመቂ፣ "እኔ ጉዴ ነው። ፎቶውን ለቤተ ዘመድ ሁሉ ልኬዋለሁ፤ አሁን ምን ላድርግ?" አለች። ጋሮምሳ በጆሮዬ ነገረኝ፣ እኔም አልኳት፤ "እህቴ፣ ይህንም ድምፅ ለነዚያው ላኪላቸው። በሄደበት መንገድ ይሂድ።" ጋሮምሳ ቆርጦ ቴሌግራም ላይ አወጣው። የሺዓለም አሁን ከፎቶዋ ይልቅ በድምጿ ትታወቃለች፤ የባጃጅ ሾፌሮች "ልቅሶዬ የምር ነበር!" እያሉ ነው የሚጠሯት። ትቆጣለች፤ ቆሎ ግን ትሰጣቸዋለች።

ሲስተር ማርያምን በስልክ አስገባናት። አንድ አባት፣ "ትኩሳት ያመጣል ይላሉ፤ እውነት ነው?" አላት። እኔ፣ "አይ፣ የለም" ትለዋለች ብዬ ነበር። "አዎ፣ ሊያመጣ ይችላል" አለችው። "የተወጋበት ሊያብጥ ይችላል፣ ሕፃኑ ይነጫነጫል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይተወዋል። ትኩሳቱ ከበረታ፣ መጥባት እምቢ ካለ ወይም ትንፋሹ ከፈጠነ ግን ቤት አትቀመጡ፤ ይዛችሁት ኑ። ይህን የምልህ ኩፍኝ ራሱ ሳንባ ላይ ሲወርድ ምን እንደሚያደርግ ስላየሁ ነው።" ሰውየው፣ "ከመጀመሪያው እንዲህ ብትሉን ኖሮ ምን ነበረበት?" አለ። ተናዶ አልነበረም። እፎይ ያለ ሰው ድምፅ ነው።

ኦቦ ዲዳ ያን ቀን ጣቢያው በር ላይ ሲንጎራደዱ ዋሉ፤ ጥፋቱ ሁሉ የእሳቸው መስሏቸው። ስንወጣ፣ "መላ አገኘሁለት" አሉን። "ድንኳኑ ላይ ባሎን እንሰቅልበታለን። ሰርግ ይመስላል።"

"ከዚያማ ሰው ዘፍኖ ይገባና ሙሽራዋን አምጡ ይለናል" አለች የሺዓለም።

"እሺ፣ ባሎኑ ይቅር።"

ድንኳኑ ተነቀለና ነርሶቹ ወደ ወፍጮ ቤቱ በረንዳ ገቡ። ጥላ አለው፤ ዱቄትም አለው። ሲስተር ማርያም ማታ ማታ ነጭ ሆና ነው የምትሄደው። ሰው ተመለሰ። ሁሉም ተመለሰ ብዬ አልዋሽሽም፤ ከኛ መስመር እንኳ ሁለት ቤት እምቢ እንዳለ ነው። ነገር ግን ዘመቻው ሳያልቅ በዚያ በረንዳ ላይ ቆሞ መጠበቂያ እንኳ የታጣበት ቀን ነበር።

ቦንቱ ፕሮግራሙን ፋብሪካ ሆና በእረፍት ሰዓት በስልክ ሰማችው። ማታ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። "እማማ፣ ፎቶው ላይ እርስዎ እንደሆኑ ለምን አልነገሩኝም?" አለችኝ። "ፈርቼ" አልኳት። "ምን ፈርተው?" አለችኝ። መልሴንም አልጠበቀችም፤ "በሉ ነገ አብረን እንሂድ፤ ስትወጋ ማየት አልችልም፣ እርስዎ ያቅፉልኛል" አለች። አቀፍኳት። ኢፍቱ አንዴ ጮኸችና የሲስተር ማርያምን ፀጉር ጨብጣ አልለቅም አለች። ማታ ትንሽ አተኮሳት፤ ቦንቱ ግን አልደነገጠችም፤ የተነገራት ነገር ነበር።

እስካሁን የነገርኩሽ ሁሉ ያለ አንቺ የሆነ ይመስላል፤ "ታዲያ እኔ ምን ላደርግ?" ትይ ይሆናል። ቀጥሎ ያለውን አንብቢ። ደብዳቤው የተጻፈው ለዚህ ነው።

ፕሮግራሙ ሊያልቅ ሲል አንድ ሰው ደወለ። "አካም ጂርቱ፣ ጫምሳ ነኝ፤ ከዓለም ጤና ከተማ ወደ ውስጥ ገባ ካለ መንደር። ሽንኩርት አብቃይ ነኝ" አለ። እኛ ገና እየሣቅን ነበር። "የእናንተ ድንኳን ሞት አልነበረበትም፤ እግዚአብሔር ይመስገን" አለ። "የእኛ ግን ነበረበት። አምና የወንድሜ ልጅ ተከትቦ በሳምንቱ ሞተ። ትንፋሽ እያጠረው ነው የሞተው። መርፌው ገደለው አልልም፤ አላውቅም። ሌላ ሕመም ይዞት እንደሆነም አላውቅም። ማንም መጥቶ በዚህ ምክንያት ነው ያለን የለም። እናንተ ሬዲዮ ውሸቱን ውሸት ስትሉ ሰማሁ፤ የኛን ደግሞ ማን ይጠይቅልናል? መንደሬ ውስጥ ከዚያ ወዲህ ልጁን የሚያስከትብ የለም። እኔም ሁለት ልጆች አሉኝ።"

አለቃሽ ከመስታወቱ ወዲያ እጃቸውን አንገታቸው ላይ አሳለፉ፤ ቁረጠው ማለታቸው ነው። ጋሮምሳ አላየሁም አለ። እኔ ምን ልበለው? ሰውየውን አሉባልተኛ ልበለው? ልጅ ሞቶበታል። ክትባቱ አይደለም ልበለው? በምን አውቄ? አንዴ የማላውቀውን እንደማውቅ ሆኜ አንብቤ የሆነውን አውቃለሁ። ስለዚህ እንዲህ አልኩት፣ ትህትና፤ ይቅር በይኝ፣ ሳላስፈቅድሽ አልኩት። "ልጄ፣ እኔ አላውቅም። እዚህ ያለነው ማናችንም አናውቅም። የዚህ ፕሮግራም ባለቤት ትህትና ትባላለች። እሷ መንደራችሁ መጥታ ትጠይቃለች፤ ሐኪሞቹንም ትጠይቃለች፤ ያገኘችውን ሁሉ፣ ደስ የሚልም ሆነ የማይል፣ በዚህ ሰዓት ትነግርሃለች።" "ገለቶማ፣ እናቴ" ብሎ አመስግኖ ዘጋ።

ጋሮምሳ ከዚያ ወዲህ ወደ መንደሩ ሌላ ጋዜጠኛ አልላክንም አለኝ። ከጋዜጠኞቹ አንዱ "በኃላፊዎች በኩል ይገለጽ" አለ፣ ሌላው "ማንሳቱ ይቅርብን፣ ሰው ያስደነግጣል" አለ። አለቃሽ ግን ትናንት ራሳቸው ግቢያችን መጡ። ወንበር አውጥቼላቸው አልተቀመጡም። "ላጣራ ስትለኝ ልሰማት ይገባ ነበር። ከመጣች መኪናም እሰጣታለሁ፣ ጊዜም እሰጣታለሁ፤ ይህን ይጻፉላት" አሉኝ። ጻፍኩልሽ።

ተሳስተሻል፤ አልተሳሳትሽም ብዬ አላባብልሽም፤ ከቦንቱ በር ሁለታችንም ሰምተነዋል። ነገር ግን ስትሳሳቺ ያመመሽ ያ ሕመም፣ ጫምሳን ሊያዳምጥ ለሚሄድ ሰው የሚያስፈልገው እሱ ነው። እኔ ሰውየውን ይዤልሻለሁ እንጂ ልመልስለት አልችልም። ለጥያቄው የኔ ቤት አይበቃውም።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ በአካል መጣ። የጣቢያው ጥበቃ ቤታችንን አሳይቶት ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጫማው ላይ የመስኖ ጭቃ የደረቀበት፤ በትከሻው አንድ ጆንያ ሽንኩርት ተሸክሟል።

"ይህን ለትህትና አምጥቼ ነው" አለኝ።

"ልጄ፣ እሷ ከምትዘግብለት ሰው ስጦታ አትቀበልም። አንዴ ከሞጆ የመጣላትን ዶሮ በመጣበት አውቶቡስ ነው የመለሰችው።"

"ለምን?"

"ሰው በስጦታ ተናገረች እንዳይል።"

አሰበበት። ጆንያውን ከትከሻው አውርዶ በርሽ ላይ አቆመው፤ እጁን አራገፈ። "መልካም ሴት ናት ማለት ነው" አለ። "እንግዲያው ራሷ መንደሬ አምጥታ ትመልስልኝ። እኔ ባልኖር ወንድሜ አለ፤ ቤቱ ከመስኖው ቦይ ማዶ ነው፤ ሚስቱም ልታናግራት ትፈልጋለች።" ውኃ ጠጥቶ ሄደ።

ይኸውልሽ፣ ጆንያው በርሽን ዘግቶ ቆሟል። አልነካሁትም። የሺዓለም ሁለት ጊዜ "አንድ ሁለት ፍሬ ብናነሳ ማን ያውቃል?" ብላኛለች፤ ከልክያታለሁ፤ ግን የእሷን ነገር እስከ ሐሙስ ዋስ አልሆንም። ሹፌሩ እሑድ ጠዋት ከሻሸመኔ ይመለሳል፤ ከጎኑ ያለውን ወንበር ለማንም እንዳይሰጥ ነግሬዋለሁ። ሽንኩርቱ ከባድ ነው፣ ልጄ፤ እስከ ዓለም ጤና በአንድ በኩል ይዤልሽ እሄዳለሁ።

ወንበሩንም ጆንያውንም የምትጠብቅልሽ፣

ዲንቄ
አዳማ፣ ወፍጮ ቤቱ ሰፈር